የሚወልቅ ትከሻ እና ኤም አር አይ፦ ከመጠየቂያው ወረቀት እስከ ውጤቱ

«ወልቆ ገብቶልኛል፤ ግን አላምነውም።» ሐዋሳ ውስጥ ትከሻቸውን ይዘው ከሚመጡ ሰዎች ደጋግሜ የምሰማው ይህንን ነው። አንዱ ሐይቁ ላይ መረብ ሲስብ፣ ሌላው ባጃጅ ሲገለበጥበት፣ ሌላው ግብ ጠባቂ ሆኖ ለኳስ ሲወረወር ትከሻው ወልቋል። ወጌሻ ወይም ሐኪም መልሶለታል፤ ሕመሙም ከሳምንታት በኋላ ለቆታል። የቀረው አለማመኑ ነው። እጁን ከፍ አድርጎ ወደ ኋላ ሲያዞር ወይም ከቁም ሣጥን ላይ ዕቃ ሲያወርድ ክንዱ ሊያመልጠው የደረሰ ይመስለዋል።

እኔ የራዲዮሎጂ ሐኪም ነኝ፤ ሥራዬ ምስል ማንበብ ነው። ስለዚህ የምጽፈው ትከሻው ወልቆበት ኤም አር አይ (በማግኔት ኃይል የሚነሣ የሰውነት ውስጥ ምስል) ለታዘዘለት ሰውና ለቤተሰቡ ነው። ገና ከጅምሩ አንድ ነገር ይያዝልኝ፦ ኤም አር አይ ያንን አለማመን አያነሣም። የሚያነሣው ትከሻው ሲወልቅ ጥሎት የሄደውን ጉዳት ነው። ጉዳቱንና አለማመኑን የሚያገናኙት የእርስዎ ታሪክና የመረመረዎት ሐኪም እጅ ናቸው። ታሪኩ ወረቀቱ ላይ ካልሰፈረ ውድ ምርመራ አሠርተው ግማሽ መልስ ይዘው ይመለሳሉ።

ብርቱካን በሲኒ ማስቀመጫ ላይ

ዳሌን ያስቡ፦ ዘነዘና ሙቀጫ ውስጥ እንደ ገባ ነው፤ በቀላሉ አይወጣም። ትከሻ ግን ብርቱካን በሲኒ ማስቀመጫ ላይ እንደ ተቀመጠ ነው። ብርቱካኑ የክንድ አጥንት ራስ ሲሆን ማስቀመጫው በብራኳ ጫፍ ላይ ያለው ጥልቀት የሌለው ጎድጓዳ ነው። ክንዳችንን በየአቅጣጫው የምናዞረው በዚህ ምክንያት ነው፤ ከሰውነታችን ዋና ዋና መጋጠሚያዎች ሁሉ ይበልጥ የሚወልቀውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ለጎድጓዳው ጠርዝ የሚያበጅለት ላብረም የሚባል ጠንካራ ቀለበት አለ። ቃሉ በላቲን «ከንፈር» ማለት ነው። የመጋጠሚያው ከረጢትና ጅማቶቹ ከዚህ ከንፈር ተነሥተው የክንዱን አጥንት ያቅፋሉ፤ በላያቸው ደግሞ ክንድን የሚያዞሩ አራት ጡንቻዎች ይደረባሉ።

ከ100 የትከሻ መውለቆች ከ95 የማያንሱት ወደ ፊት ናቸው። ክንድ ተነሥቶ ወደ ኋላ በዞረበት ሰዓት ኃይል ሲያርፍበት የአጥንቱ ራስ ወደ ፊትና ወደ ታች ያመልጣል፤ በመንገዱም የጎድጓዳውን የፊት የታችኛ ከንፈር ይገነጥላል። ከወጣ በኋላ ደግሞ የአጥንቱ ራስ የኋላ የላይኛ ክፍል በጎድጓዳው የፊት ጠርዝ ላይ ተደግፎ ይሰረጉዳል። ስለዚህ አንዱ ጉዳት ጎድጓዳው ላይ ከፊት ከታች፣ ሌላው የክንዱ አጥንት ራስ ላይ ከኋላ ከላይ ይገኛል። እነዚህን ሁለት ቦታዎች የያዘ ሰው የውጤቱን ወረቀት ግማሽ አንብቧል ማለት ይቻላል።

መጀመሪያ ራጅ

ወጌሻን የምነቅፍ ሰው አይደለሁም፤ እኔንም በልጅነቴ ያሸኝ ወጌሻ ነው። ነገር ግን የወለቀ ትከሻ ራጅ ሳይነሣ ሲጎተት የተሰበረ አጥንት ካለ ስብራቱ ሊላቀቅ፣ በብብት በኩል የሚያልፈው ነርቭና የደም ሥርም ሊጎዳ ይችላል። ዕድሜ ሲገፋና አጥንት ሲሳሳ አደጋው ይጨምራል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ራጅ፣ ማስገባት፣ እንደገና ራጅ ነው። ኤም አር አይ ከዚያ በኋላ ይመጣል።

ራጁ ከፊት ብቻ ከተነሣ በቂ አይደለም። ከጎን ወይም በብብት በኩል የሚነሣ ሁለተኛ ራጅ ይጠይቁ። ወደ ኋላ የወለቀ ትከሻ ከፊት በተነሣ ራጅ ላይ ደህና መስሎ ሊያልፍ ይችላል። ይህ ዓይነቱ መውለቅ ጥቂት ቢሆንም በሚጥል በሽታና በኤሌክትሪክ አደጋ ጊዜ ይታያል፤ ጡንቻዎቹ በአንድ ጊዜ ተኮማትረው ክንዱን ወደ ውስጥ ያዞሩትና ወደ ኋላ ይገፉታል። የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ነገሩን ደብቆ «አልጋ ላይ ወደቅሁ» ሲል ብዙ ሰምቻለሁ። እባክዎ አይደብቁ። ያ አንድ ቃል ምስሉ ላይ የምንፈልገውን ጉዳት ቦታ ከፊት ወደ ኋላ ይቀይረዋል።

ከመነሣትዎ በፊት ደግሞ የትከሻዎን ውጫዊ ገጽ፣ የወታደር ማዕረግ ምልክት ከሚሰፋበት ዝቅ ብሎ ያለውን ቆዳ፣ በጣትዎ ይንኩት። ከሌላኛው ወገን ሲነጻጸር ደንዝዞ ከሆነ ለሐኪሙ ይንገሩ፤ በመውለቅ ጊዜ የሚለጠጠው ነርቭ የሚያዳርሰው ቆዳ ነው።

ኤም አር አይ መቼ ልነሣ?

አዲስ የወለቀ ትከሻ ውስጥ ደምና ፈሳሽ ይጠራቀማል። ለታማሚው ሥቃይ ነው፤ ለምስል አንባቢ ግን ጥቅም አለው። ፈሳሹ ከረጢቱን ነፍቶ ከተቀደደው ከንፈር ሥር ስለሚገባ ቅዳዱን ያጎላዋል። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ቀናት፣ ቢበዛ በሁለት ሳምንት ውስጥ የሚነሣ ተራ ኤም አር አይ ብዙ ይናገራል። ከዚያ በኋላ ፈሳሹ ይመጥጣል፤ ከንፈሩም ወደ አጥንቱ ተጠግቶ ጤነኛ ሊመስል ይችላል።

ወራት ካለፉ ሐኪሙ ኤም አር አርትሮግራም የሚባለውን ሊያዝ ይችላል። በአልትራሳውንድ ወይም በራጅ እየተመሩ በቀጭን መርፌ ከ10 እስከ 15 ሚሊ ሊትር የሚሆን፣ በጨው ውሃ በጣም የቀጠነ ጋዶሊኒየም (ምስሉን የሚያጎላ መድኃኒት) መጋጠሚያው ውስጥ ይሰጣል። ተፈጥሮ በደም ያደረገችውን እኛ በመርፌ መድገማችን ነው። ፈሳሹ ሳይመጥጥ ምስሉ መነሣት ስላለበት የመርፌው ክፍልና ማሽኑ ያሉበት ቦታ ተቀራራቢ መሆኑን ቀድመው ይጠይቁ። ትከሻው ለአንድ ሁለት ቀን ሊከብድዎ ይችላል። ከዚያ በኋላ ትኩሳትና እየባሰ የሚሄድ ሕመም ከመጣ ግን በዚያው ቀን ይመለሱ።

ትከሻው የወለቀ ሰው ሁሉ ኤም አር አይ ያስፈልገዋል ማለት አይደለም። የሚያስፈልገው በተለይ ለወጣት፣ ደጋግሞ ለሚወልቅበት፣ ቀዶ ሕክምና ለታሰበለት፣ ዕድሜው ከ40 በላይ ሆኖ ትከሻው ከገባ በኋላም ክንዱን ማንሣት ላቃተው ሰው ነው። የመጨረሻውን ሰው ነገር አቅልለው አይዩት። በዚያ ዕድሜ ከንፈሩ ከመገንጠሉ ይልቅ ክንድ የሚያነሡት ጡንቻዎች ጅማት ይበጠሳል፤ «ይለቀኛል» እያሉ ወራት ሲያልፉ ጡንቻው ይሟሽሽና ስቦ ለመስፋት ያስቸግራል።

ወረቀቱ ላይ ምን ይጻፍ?

ከዓመታት በፊት አንድ ወጣት ወረቀቱ ላይ «የትከሻ ሕመም» ብቻ ተጽፎለት መጣ። ምስሉን አነበብኩ፤ ከንፈሩ ላይ ትንሽ ጉዳት አየሁና እሱን ጻፍኩ። በኋላ ነው ትከሻው አራት ጊዜ እንደ ወለቀ የሰማሁት። ምስሉን መልሼ ስከፍተው ጅማቱ ከክንዱ አጥንት በኩል ተነቅሎ ተንጠልጥሏል። ምስሉ መጀመሪያም ያው ነበር። እኔ ግን ያንን ቦታ በጥርጣሬ ዓይን አላየሁትም፤ እንድጠረጥር የሚያደርገኝ ነገር ወረቀቱ ላይ አልነበረም። ጥፋቱ የእኔም ነው፤ ጠርቼ መጠየቅ ነበረብኝ።

ስለዚህ ወረቀቱን ሐኪምዎ ሲጽፍልዎ እነዚህ መኖራቸውን ይጠይቁ፦ የቀኝ ነው ወይስ የግራ፤ መጀመሪያ የወለቀው መቼ ነው፤ ስንት ጊዜ ወለቀ፤ ወደ የት፤ ክንድዎ ያን ጊዜ በምን ሁኔታ ላይ ነበር፤ ማን መለሰው፤ የሚጥል በሽታ ወይም ቀደም ያለ ቀዶ ሕክምና አለ ወይ። በመጨረሻም ጥያቄው። ጥሩ ጥያቄ ይህን ይመስላል፦ «የ19 ዓመት ግብ ጠባቂ፤ ቀኝ ትከሻው በ8 ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ ወደ ፊት ወልቋል፤ ክንዱ ተነሥቶ ወደ ኋላ ሲዞር ይሰጋል። የፊት የታችኛው ላብረም፣ ጅማቶቹና የአጥንት ጉድለቱ ይታዩልን።» ሁለት መስመር ነው። የራጁን ፊልም ወይም ሲዲ አብረው ይያዙ፤ በተለይ ትከሻው ወልቆ ሳለ የተነሣውን።

ማሽኑ

ለቀጠሮ ሲደውሉ ሁለት ጥያቄ ይበቃል። አንደኛ፣ ማሽኑ ስንት ቴስላ ነው (ቴስላ የማግኔት ኃይል መለኪያ ነው)? 1.5 ወይም 3 ከሆነ መልካም ነው። አነስተኛ ኃይል ያላቸው ክፍት ማሽኖች ጠባብ ቦታ ለሚያስጨንቀው ሰው ምቹ ቢሆኑም የላብረምን ጥቃቅን ቅዳድ ያደበዝዙታል። ሁለተኛ፣ የትከሻ ኮይል አላቸው ወይ? ኮይል ትከሻው ላይ የሚደረግ ምልክት መቀበያ ነው። ለሌላ የሰውነት ክፍል በተሠራ ኮይል የተነሣ ትከሻ ከሩቅ እንደ ተሰማ ወሬ ይሆንብኛል። መልሱ ካላረካዎና አዲስ አበባ ለመሄድ ከወሰኑም ወረቀቱን አስተካክለው ይሂዱ፤ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ «የትከሻ ሕመም» የሚል ወረቀት ማስረከብ ያሳዝናል።

የቀጠሮው ቀን

ኤም አር አይ ጨረር የለውም። ማግኔቱ ግን አይጠፋም፤ ሌሊትም ሲሠራ ያድራል። 1.5 ቴስላ ከምድር የማግኔት ኃይል 30 ሺህ ጊዜ ያህል ይበልጣል። ስለዚህ በበሩ ላይ የሚጠየቁት ጥያቄ አሰልቺ ቢመስልም በትዕግሥት ይመልሱ። የልብ ምት ማስተካከያ፣ በጆሮ ውስጥ የተተከለ መሣሪያ ወይም በጭንቅላት የደም ሥር ላይ የተደረገ ክሊፕ ካለዎ የተተከለውን መሣሪያ ካርድ ወይም ሰነድ ይዘው ይምጡ። በያጅ ወይም የብረታ ብረት ሠራተኛ ከሆኑና ዓይንዎ ውስጥ ብናኝ ገብቶ ካወቀ ይናገሩ፤ ቀድሞ የዓይን ራጅ ሊያስፈልግ ይችላል። ውትድርና ላይ የነበሩ ሰዎች ሰውነታቸው ውስጥ የቀረ ፍንጣሪ መኖሩን ይረሱታል፤ እኛ ግን ማወቅ አለብን። እርግዝና ካለ፣ መርፌ ከታሰበም የኩላሊት ሕመም ወይም አለርጂ ካለ ይናገሩ።

ማተብዎን ማንም አያስበጥስዎትም፤ ክር ነው። የተንጠለጠለበት የብረት መስቀል ግን ይወልቃል። ክታብም ቢሆን በብረት መያዣ ከሆነ ለአስታማሚ ይሰጣል። ሹሩባ ውስጥ የተሰካ መርፌ፣ የጡት መያዣ ብረት፣ ቀበቶ፣ ስልክ፣ የባንክ ካርድ ሁሉም ከውጭ ይቀራሉ። ሰፊ ወይም አዲስ ንቅሳት ካለዎ ይንገሩ፤ ውስጥ ሆነው ቢያቃጥልዎ የሚሰጥዎትን መጥሪያ ወዲያው ይጫኑ።

ከዚያ በጀርባ መተኛት ነው። ከ20 እስከ 40 ደቂቃ ይፈጃል፤ ድምፁ እንደ መዶሻ ነው፤ የጆሮ መሸፈኛ ሳይሰጥዎ አይግቡ። አሁን ደግሞ ብዙ ምስል የሚበላሽበትን ነገር ልንገርዎ፦ እጅን ሆድ ላይ ማስቀመጥ። ሆድ ከትንፋሽ ጋር ሲወጣና ሲወርድ ክንዱን ይዞት ይንቀሳቀሳል። በዚያ ላይ ክንዱ ወደ ውስጥ ስለሚዞር የፊት ከንፈር ይጨማደድና ይደበቃል። ክንድዎ ከጎንዎ ተዘርግቶ፣ አውራ ጣትዎ ወደ ላይ ወይም ወደ ውጭ ዞሮ፣ ትራስ ወይም የአሸዋ ከረጢት ተደግፎ ይሁን። ባለሙያው በጥድፊያ ቢረሳው እርስዎ ያስታውሱት፤ አይቆጣም።

አንዳንድ ጊዜ፣ በተለይ መርፌ ከተሰጠ በኋላ፣ እጅዎን ከራስዎ ሥር አድርገው እንዲተኙ ይጠየቃሉ። ትከሻው የሚያስፈራዎት አኳኋን ስለሆነ ይከብድዎታል፤ ታዲያ የሚፈለገውም ለዚሁ ነው። የፊት ጅማቱ ተወጥሮ ከንፈሩን ሲስበው፣ ተኝቶ ሳለ የማይታይ ቅዳድ ይከፈታል። ልወልቅ ነው የሚል ስሜት ከመጣ ግን ይናገሩና ያቁሙ።

የውጤቱ ወረቀት

ወረቀቱ በእንግሊዝኛ ይጻፋል፤ ታማሚው ከቤት ቤት ይዞት ሲዞር አያለሁ። የሚያገኟቸው ስሞች እነሆ።

ምስሉ ላይ ጤነኛ ላብረም ጥቁር ሦስት ማዕዘን ነው፤ ፈሳሽ ደግሞ ስቡ ጠፍቶ በሚነሣው ምስል ላይ ነጭ ነው። በጥቁሩና በአጥንቱ መካከል ነጭ መስመር ከገባ ቅዳድ ይጠረጠራል። ቦታው በሰዓት ይገለጻል፦ «ከ3 እስከ 6 ሰዓት» ይላል። እዚህ ላይ ተጠንቀቁ፤ የሰዓቱ ፊት ላይ የታተመው ቁጥር እንጂ እኛ የምንጠራው ሰዓት አይደለም። እኛ ሦስት ሰዓት ስንል ቆጣሪው 9 ላይ ነው፤ ያ ደግሞ በቀኝ ትከሻ ላይ ከኋላ በኩል ይሆናል።

ባንካርት ማለት የፊት የታችኛው ከንፈር ከጎድጓዳው መገንጠሉ ነው። ስሙ እ.ኤ.አ. በ1923 ስለ ጉዳዩ ከጻፈው እንግሊዛዊ ቀዶ ሐኪም የተወሰደ ነው። ከአጥንቱ ቁራጭ ጋር ከተገነጠለ «አጥንታዊ ባንካርት» ይባላል። ፐርቴዝ ከንፈሩ ተላቅቆ የአጥንቱ ስስ ሽፋን ግን ሳይቀደድ ሲቀር ነው፤ ቦታውን ስላልለቀቀ ይሸወዳሉ። አልፕሳ ደግሞ ያ ሽፋን ከንፈሩን ይዞት ወደ ውስጥ ተንሸራቶ በማይገባው ቦታ ሲጣበቅ ነው። ደጋግሞ በወለቀ ትከሻ ላይ ይታያል፤ ቀዶ ሐኪሙ መጀመሪያ ማላቀቅ፣ ከዚያ ወደ ጠርዙ መመለስ ስላለበት ቀድሞ ማወቁ ይጠቅመዋል።

ሂል-ሳክስ የብርቱካኑ ስርጉድ ነው። ሁለት የአሜሪካ ራዲዮሎጂስቶች እ.ኤ.አ. በ1940 የገለጹት ነው። ከላይ ወደ ታች በሚቆረጡት ምስሎች የመጀመሪያዎቹ ጥቂቶች ላይ፣ የአጥንቱ ራስ ክብነት ሙሉ መሆን በሚገባው ቦታ ይታያል። ዝቅ ብሎ የሚታየው ጠፍጣፋነት ግን ተፈጥሮ ነው። ትከሻው ወደ ኋላ የወለቀ ከሆነ ሁለቱም ጉዳቶች ቦታ ይቀያየራሉ፤ ወረቀቱም «ግልብጥ» ብሎ ይጽፋቸዋል።

ሃግል ከላይ የነገርኳችሁ ወጣት ጉዳት ነው፦ ጅማቱ ከከንፈሩ በኩል ሳይሆን ከክንዱ አጥንት በኩል ሲነቀል። ከንፈሩ ብቻ ተሰፍቶ ይህ ከታለፈ ትከሻው መልሶ ሊወልቅ ይችላል። ስላፕ የላይኛው ከንፈር፣ የክንድ ጡንቻ ረጅም ጅማት የሚነሣበት ቦታ መቀደድ ነው፤ ቁጥር ይከተለዋል። ብዙ ሰው ይህን ቃል አይቶ ይደነግጣል፤ ለመውለቁ ግን ብዙውን ጊዜ ዋናው ምክንያት አይደለም።

ቡፎርድ የሚል ካገኙ ደግሞ በሽታ አይደለም። በአንዳንድ ሰው የፊት የላይኛው ከንፈር ከተፈጥሮ የለም፤ በምትኩ አንዱ ጅማት ወፍሮ እንደ ገመድ ይሆናል። ቅዳድ መስሎት የሚሰፋ ሰው ክንዱን ወደ ውጭ የማዞር አቅም ያሳጣዎታል። ከ1 እስከ 3 ሰዓት ባለው ቦታ «ተቀዷል» የሚል ውጤት ብቻውን ከቀረበ፣ ተፈጥሮ ሊሆን አይችልም ወይ ብሎ መጠየቅ መብትዎ ነው።

ከሁሉም በላይ ቀዶ ሐኪሙ የሚፈልገው የአጥንት ጉድለቱን መጠን ነው። የጎድጓዳው የታችኛ ክፍል ክብ ስለሆነ በላዩ ክበብ ይሣልና ከፊት ምን ያህሉ እንደ ጎደለ ይለካል። ከ20 እስከ 25 ከመቶ ከደረሰ ከንፈሩን መስፋት ብቻውን አይበቃም፤ አጥንት የሚጨመርበት፣ ለምሳሌ ላታርዤ የሚባለው ቀዶ ሕክምና ይታሰባል። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ከዚህ ያነሰ ጉድለትም ትኩረት እያገኘ ነው። «ኦፍ ትራክ» የሚል ካለ፣ ክንዱ ተነሥቶ ሲዞር ስርጉዱ ከጎድጓዳው ጠርዝ ያመልጣል ማለት ነው፤ የጋሪ ጎማ ከመንገድ ዳር እንደሚወርድ። አጥንትን ለመለካት ሲቲ ስካን ይበልጥ የታመነ ነው፤ ስለዚህ ከኤም አር አይ በኋላ ሲቲ ቢታዘዝ ገንዘብ ለማውጣት ብቻ አይመስልዎ።

ምስሉ ንጹሕ ሲሆን

አንዳንድ ሰው ጅማቱ ከተፈጥሮው ልል ነው፤ ትከሻው ወደ ፊትም ወደ ኋላም ወደ ታችም ይንሸራተታል፤ የወደቀበት ቀን እንኳ የለም። ኤም አር አዩ ጉዳት ላያሳይ ይችላል፤ ቢበዛ ሰፊ ከረጢት ነው። «ምንም የለብህም» ብሎ ከሚሸኝ ሐኪም ጋር አልስማማም። ሐኪሙ ክንድዎን አንሥቶ ወደ ውጭ ሲያዞር የሚሰጉ ከሆነ፣ ወደ ታች ሲስበው ከትከሻው ጫፍ ሥር ጎድጎድ የሚል ከሆነ፣ ያ ምርመራ ከንጹሑ ምስል እኩል ይቆጠራል። የእንደዚህ ዓይነቱ ሰው መጀመሪያ ሕክምና ለወራት የሚዘልቅ የፊዚዮቴራፒ ልምምድ ነው።

ሲዲውን ይቀበሉ

ወረቀቱን ብቻ ይዘው አይውጡ፤ ምስሎቹን በሲዲ ወይም በፍላሽ ይጠይቁ፤ በራስዎ ኮምፒውተር ላይ መከፈቱንም እዚያው ይሞክሩ። የአጥንት ቀዶ ሐኪሙ የእኔን ጽሑፍ አንብቦ ብቻ ቢላዋ አያነሣም፤ ራሱ ያየዋል፤ ካልተስማማ ይደውልልኛል። ቀዶ ሕክምና ከተደረገልዎ ደግሞ ትከሻዎ ውስጥ የተተከለው ማያያዣ ምን ዓይነት እንደሆነ ጽፈው እንዲሰጡዎ ያድርጉና ከሲዲው ጋር አብረው ያስቀምጡት። ብረት ከሆነ በሚቀጥለው ኤም አር አይ ላይ ጥቁር ጥላ ይጥላል፤ ቀድመን ካወቅን ጥላውን የሚቀንስ አነሣስ እንመርጣለን።